እጆቹ አጠገብ የወደቀችው ባርኔጣ

በእኛ በረሃ የወደቀ ነገር አይነሳም። ኳሱ ያመለጠችው ልጅ አልቅሶ ይመለሳል፤ መሐረቧ የበረረባት ሴት በዓይኗ ሸኝታ ሌላ ትገዛለች። ከመንገዱ ዳር ከተዘረጋው ገመድ ወዲያ እግር ማሳረፍ ክልክል ነው። ዝናብ የማያውቀው መሬት የረገጠውን ሁሉ ይዞ ያስቀራል፤ አንድ ዱካ ከረጋጩ ዕድሜ በላይ ይኖራል። የጥንት ሰዎች መሬት ላይ የሣሏቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ የቆዩልንም በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ የኔሊዳ ባርኔጣ ከመመልከቻው ማማ ላይ በርራ «እጆቹ» ከሚባለው ሥዕል አጠገብ ስታርፍ ሁላችንም ሳቅንና አለቀላት አልን። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር።

እኔ ኤውዶሲያ እባላለሁ። ከናዝካ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከብረቱ ማማ ሥር ተቀምጬ ሥዕሎቹን ለስላሳ ድንጋይ ላይ እየቀረጽኩ ለጎብኚ እሸጣለሁ። ወፏን፣ ዝንጀሮውን፣ ሸረሪቷን፣ ሁሉንም ዓይኔን ጨፍኜ እሠራቸዋለሁ። ማማው ላይ የሚወጣም የሚወርድም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ሰዎች ወሬኛ ይሉኛል። እኔ ወሬ ፈልጌ አላውቅም፤ ወሬው ራሱ ነው እግሬ ሥር መጥቶ ቁጭ የሚለው።

ኔሊዳ አስጎብኚ ናት። በየማለዳው ሚኒባሱን ጎብኚ ሞልታ ትመጣለች። እሷ ለመንገዱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዙራ ታወራለች፤ ሾፌሩ ደግሞ ለሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ይነዳል። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ክንድ ተራርቀው ይውላሉ፣ ግን ዓይን ለዓይን የሚገናኙት እሷ ዞር ስትል በስፖኪዮው ብቻ ነው። ሾፌሩ ኢላሪዮ ይባላል። ከሉካናስ ተራራ የወረደ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ሙያተኛ የሆነ ልጅ ነው። ዝምታው ግን ለጉድ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የፈጠረው የእሱ አያት ሳይሆን አይቀርም።

ባርኔጣዋ የበረረችው በነሐሴ፣ አሸዋ የሚያስነሳው ነፋስ በሚነግሥበት ወር ነው። ኔሊዳ ማማው ላይ ቆማ እጆቹን ታሳይ ነበር። ከሁለቱ እጆች አንዱ አራት ጣት ብቻ ነው ያለው፤ አምስተኛዋ ጣት የት እንደገባች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም እያለች ስታስረዳ ነፋሱ መጣና ያቺን ሰማያዊ ጥብጣብ ያላትን ነጭ ባርኔጣ ከራሷ ላይ መንጭቆ ወሰዳት። ባርኔጣዋ ተንከባልላ ተንከባልላ ጣት ከጎደለው እጅ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ጎብኚ እጁ በጣቱ ምትክ ወሰዳት ብሎ አሳቀን። ኔሊዳም ስቃ ሥራዋን ቀጠለች። በነጋታው ሌላ ባርኔጣ ገዛች።

ኢላሪዮ ግን አልተዋትም። የበረሃው ጠባቂ በዚያ ባለፈ ቁጥር ይለማመጠዋል። ጠባቂው ዱካ የማያሳርፍ ሰፋፊ የስፖንጅ ጫማ አለው፤ እሱን አድርጎ ለቁጥጥር ሲገባ ብቻ ነው ሰው ወዲያ የሚረግጠው። አንድ ቀን ታዲያ ሲመለስ ባርኔጣዋን ይዞለት መጣ። ኢላሪዮ አቧራዋን አራግፎ፣ ጥብጣቧን አቃንቶ፣ ኔሊዳ እኔ ጋ ቆማ ሳለ መጣ።

«ባርኔጣሽ እኔ ጋ ናት» አላት።

ኔሊዳ ጎብኚዎቿን እየሰበሰበች ነበርና ፈገግ ብላ መለሰችለት። «እንግዲያው አንተ ጋ ትቀመጥ። ከእኔ ይልቅ አንተ ትጠብቃታለህ።»

ይህን ብላ ደረጃውን ወጣች። ኢላሪዮ አራስ ልጅ እንዳሳቀፉት ሰው ባርኔጣዋን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ቀረ። ፀሐይ የመታው መስሎኝ ውሃ ሰጠሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባርኔጣዋ ጋቢናው ውስጥ፣ ከስፖኪዮው ጎን ተሰቅላ ዋለች። ኢላሪዮም ሌላ ሰው ሆነ። ሚኒባሱን በየቀኑ ያጥባል። ከሾፌሮች ጋር መጠጣቱን ተወ። ከከተማው ጫፍ በገዛት ቁራሽ መሬት ላይ በእረፍቱ ቀን ጡብ ሲደረድር ይታያል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንደ ዘመድ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። ደስተኛ ነበር። ደስታው ከምን እንደመጣ ግን ማንም አያውቅም።

ከሁሉ በላይ ያላወቀችው ኔሊዳ ነበረች። ልጅቷ ወዳዋለች። መውደዷን ደግሞ ለመደበቅ አልታደለችም፤ ስሙ ሲነሳ ጆሮዋ ይቀላል። አንድ ቀን ከጎኔ ተቀምጣ የቀረጽኩትን ወፍ ስታገላብጥ ቆየችና ልቧን ዘረገፈችው።

«አክስቴ፣ ሰው በዓይን ብቻ ይኖራል?» አለችኝ። «በስፖኪዮው ያየኛል። አየዋለሁ። ፈገግ ይላል። ከዚያ ጠግቦ እንደበላ ሰው ተደላድሎ ይነዳል። የምን ጥጋብ ነው? ገና እኮ ምንም አልቀረበለትም!»

አንቺው ንገሪው አልኳት። አሻፈረኝ አለች። ኩራት ከእናቷ የወረሰችው ነው። ወንድ ልጅ ከሆነ ይናገር፣ ካልተናገረ ሆዴ ይፍጀው ብላ ተነሳች።

እናቷ፣ ማለትም እህቴ ግራሲዬላ፣ ሌላ ሐሳብ ነበራት። ግራሲዬላ ከአባታችን የቀረች ትንሽ የወይን ማሳ አላት፤ ኩራቷ ግን ሸለቆውን ሙሉ ይሸፍናል። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ሳትደፋ ከደጃፏ አትወጣም። ፊቷ ጠቁሮ ከተራራ የወረደች እንዳትባል ትፈራለች። አባታችን እንደ ከሰል የጠቆረ ሰው እንደነበር ሳስታውሳት ያ የሥራ ፀሐይ ነው ትለኛለች። ለእሷ የተራራ ሰው ማለት የሚሸጥ አይብ ይዞ የሚወርድ፣ ሸጦ የሚመለስ፣ ከዚያ ያለፈ ምንም ነገር የሌለው ነው። ለልጇ የመረጠችው ሬናቶን ነው። ሬናቶ የሊማ ልጅ ነው፤ በትንሽ አውሮፕላን ጎብኚዎችን ሥዕሎቹ ላይ የሚያዞር አብራሪ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ግን መልካም ሰው ነው። ሲያልፍ ሳይገዛኝ አልፎ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ኔሊዳን በአውሮፕላኑ ወስዶ ከሰማይ አሳያት። ተመልሳ ፊቷ እንደ ሎሚ አረንጓዴ ሆኖ እኔ ጋ መጣች። እንዴት ነበር ብላት፣ ያምራል አለች። ሬናቶም ደግ ነው፣ ሲያዞራት ሁሉ እየጠየቃት፣ እየተጠነቀቀላት ነው አለች። ከላይ ሆነው ሲያዩት ግን ሚኒባሱን ከሌሎቹ መኪናዎች መለየት አቃተኝ ብላ እንባዋ መጣ።

ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ ሸለቆው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠብቀው። የእኛ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው ተራራ ላይ ሲዘንብ ነው የሚመጣልን። በዚያ ዓመት ዘገየ። ወይኑ ጠወለገ። ግራሲዬላ በየማለዳው ወደ ተራራው ትመለከት ነበር። እንግዲህ የሬናቶ እናት፣ ወይዘሮ ቤርታ፣ ከሊማ እንደምትመጣ የተሰማው በዚህ ጭንቀት መሀል ነው። እሁድ ትመጣለች፣ የኔሊዳን ሥራ ታያለች፣ ከዚያ ምሳ ላይ የጋብቻው ጉዳይ ይነሳል ተባለ።

ግራሲዬላ በዚያ ሳምንት ከገበያ ስትመለስ ሚኒባሱን ተሳፈረች። የልጇን ባርኔጣም ያየችው ያኔ ነው። ቤት እስኪደርሱ አልተናገረችም፤ ከደረሱ በኋላ ግን ቤቱን አንቀጠቀጠችው።

«የልጄ ባርኔጣ በሾፌር አፍንጫ ሥር ምን ትሠራለች? ወይዘሮ ቤርታ እሁድ እዚያ መኪና ውስጥ ገብታ ያቺን ስታይ ምን ልትል ነው?»

ኔሊዳ በማግሥቱ ባርኔጣዋን እንዲመልስላት ጠየቀችው። እንደ ነገረችኝ ከሆነ ድምፅዋን ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጋ ነው የጠየቀችው። የሆዷን እኔ አውቃለሁ፤ እምቢ እንዲላት ነበር የፈለገችው። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ባርኔጣዋን አወረደ፣ ጠርዟን በእጅጌው ጠረገ፣ በንጹሕ ጋዜጣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጣት።

«እንኩ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ማለቱን ተወ። እርስዎ ይላታል። በሩን ከፍቶ እርስዎ ይግቡ፣ ውሃ ይጠጣሉ ወይ ይላታል። ኔሊዳ እኔ ጋ መጥታ ያለቀሰችውን ልቅሶ ሰው ሲሞትባት እንኳ አልቅሳው አታውቅም። ወዲያው ደግሞ ሌላ ወሬ ደረሰን። ኢላሪዮ የእሁዱን ጉብኝት ከነዳ በኋላ ሥራውን ለቆ ወደ አገሩ ሊወጣ ነው፤ የጀመረውንም ቤት ለጎረቤት ሊሸጠው ነው።

እሁድ ደረሰ። ሚኒባሱ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ጥቂት ጎብኚዎች ወረዱ፤ ቀጥሎ ሬናቶ እናቱን ደግፎ አወረደ፤ ወይዘሮ ቤርታ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሁሉን የምትጠይቅ ሴት ሆና አገኘኋት። ግራሲዬላ በሰፊ ባርኔጣዋ ሥር ሆና እንደ ንግሥት ተከተለች። ኔሊዳ ያቺን ሰማያዊ ጥብጣብ ያላትን ባርኔጣ ደፍታለች። ዓይኖቿ አብጠዋል። ሰዎቹን ሰብስባ ደረጃውን ይዛቸው ወጣች፤ ኢላሪዮ ታች ቀርቶ ደህና የሆነውን ጎማ ይመረምራል።

ቀዝቃዛ መጠጥ ይዤ ሄድኩና ጎኑ ቆምኩ። አንጀቴን በልቶታል። ልጅ ምን ሆነህ ነው ይህን የመሰለ ሥራ፣ ይህን የመሰለ ቤት ጥለህ የምትሄደው አልኩት።

«እትዬ ኤውዶሲያ፣ ባርኔጣዋን መልሳ ወሰደች እኮ» አለኝ።

«ባርኔጣ የት አባቱ! ሌላ ይገዛል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያልገባኝ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ቀስ እያለ ነገረኝ። በእነሱ መንደር ወንድ ልጅ በአፉ አይጠይቅም። የሚወዳትን ልጅ ባርኔጣ ይይዝና እኔ ጋ ናት ይላታል። ተቆጥታ ከቀማችው አልፈለገችውም ማለት ነው፤ ወንድ ከሆነ ሁለተኛ አያነሳውም። አንተ ጋ ትቀመጥ ካለችው ግን ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቤት መሥራትና ወላጅ መላክ ብቻ ነው።

«በፊትዎ ነው እኮ አንተ ጋ ትቀመጥ ያለችኝ» አለ። «ለእናቴ መልእክት ልኬላታለሁ። ሻርፕ እየሠራችላት ነው። አሁን ምን ብዬ ልንገራት?»

ክው ብዬ ቀረሁ። ያ ሁሉ ደስታው፣ ያ ጥጋብ፣ ያ ጡብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ልጁ እኮ ለካስ የታጨ ሰው ነበር። እጮኛይቱ ደግሞ ሳታውቅ በየቀኑ ከጀርባው ቆማ ይናገረኝ ይሆን እያለች ትጠብቃለች።

ጉልበቴ ያማል። ማማው ላይ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ግን ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ብረቱን ጨብጬ፣ በየመታጠፊያው አንድ ቅዱስ እየጠራሁ ወጣሁ።

ከላይ ስደርስ ኔሊዳ በደከመ ድምፅ ስለ መስመሮቹ ታስረዳለች። ብዙዎቹ ሥዕሎች በአንድ መስመር ብቻ የተሠሩ ናቸው ትላለች፤ ሰው በአንድ በኩል ገብቶ፣ ራሱን መልሶ ሳይረግጥ፣ ዞሮ ዞሮ ከገባበት አጠገብ ይወጣል። ወይዘሮ ቤርታ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ሬናቶ አጥሩን ተደግፎ ኔሊዳን ያያል። ግራሲዬላ እኔን ስታይ ደነገጠች።

«ኤውዶሲያ! ምን ሆነሽ ነው? ሰው ሞተ?»

ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅኩ። በኔሊዳ ጆሮ ላንሾካሹክ አስቤ ነበር የወጣሁት፤ ግን ማማው ጠባብ ነው፣ ሰዎቹም መሀላችን ነበሩ። የመጣልኝን በጩኸት ተናገርኩት። ባርኔጣዋ ባርኔጣ እንዳልነበረች፣ አንተ ጋ ትቀመጥ ያለችው ቃል እሺታ ሆኖ እንደ ተቆጠረ፣ ልጁ ቤት፣ እናቱም ሻርፕ እየሠሩላት እንደ ነበረ፣ መልሳ ስትወስድ እምቢ ያለችው መስሎት እንደሚሄድ፣ ሁሉንም በአንድ እስትንፋስ አልኩት። ጎብኚዎቹ ሳይቀሩ ጸጥ አሉ።

ኔሊዳ የማማውን ብረት ያዘች። መጀመሪያ ነጣች፣ ከዚያ ቀላች።

«ማለት» አለች፣ «እስከ ዛሬ ታጭቼ ነበር የኖርኩት? ለእኔ ሳይነገረኝ?»

መልስ አልጠበቀችም። ደረጃውን ስትወርድ ብረቱ ይንጫጫ ነበር። ግራሲዬላ እንግዶቹን ጥለሽ የት ነው ብላ ጮኸች፤ ልትከተላት ስትል ወይዘሮ ቤርታ ክንዷን ያዘችና ልጇን ዞራ አየችው። ታውቅ ነበር ወይ አለችው። ሬናቶ አጥሩን ለቀቀ። ከዚያ፣ ይህን ከአፉ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምነግራችሁ፣ እንዲህ አለ።

«ስለ እሱ ስታወራ አይቻታለሁ እማዬ። እኔን ስታወራኝ ፊቷ እንደ ዛሬ አይቀላም።»

ከዚያ ወደ ጎብኚዎቹ ዞሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ኔሊዳ ካቆመችበት ቀጠለላቸው። አውራ ጎዳናው ሲሠራ መሀሉን የቆረጠውን እንሽላሊት እያሳየ፣ ጅራቱ ከወዲያ ራሱ ከወዲህ መሆኑን ያስረዳቸው ጀመር። ድምፁ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ተመለሰ። ያን ጊዜ እንደዚያ ልጅ ያከበርኩት ሰው የለም።

እኔ ግን ወደ ታች ነበር የማየው። ነፋስ አልነበረም፤ የሚባባሉት ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለችው ኔሊዳ። «አጭተኸኝ ለእኔ መንገር ረሳህ?»

«ነግሬሽ ነበር» አለ ኢላሪዮ። እርስዎ ማለቱን ረስቶታል። «ባርኔጣሽ እኔ ጋ ናት አልኩሽ።»

«እኔ የናዝካ ልጅ ነኝ! እዚህ ባርኔጣ ባርኔጣ ነው።»

«አሁን ገባኝ።»

«ለአንተ አሁን ይገባሃል። እኔ በየማለዳው ዛሬ ይናገራል፣ ዛሬ ይናገራል እያልኩ ዓይኔን ከዚያ ስፖኪዮ መንቀል አቅቶኝ ነው የከረምኩት። ዝንጀሮውን ሸረሪት ነው ብዬ ለሰው የነገርኩበት ቀን አለ፣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ። «ሸረሪቷ ጅራቷን ጠቅልላለች ብለሽ ነበር።»

ኔሊዳ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«በአፍህ ንገረኝ» አለችው። «በእኛ ወግ በአፍ ነው።»

ኢላሪዮ ዝም አለ። አቤት የዚያ ዝምታ ርዝመቱ። ተናገር አንተ ልጅ ብዬ ከላይ ልጮህ ስል አፉን ከፈተ።

«ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ነው የምውለው» አለ። «ያንን ሁሉ ለጎብኚ የምትነግሪውን እኔ ነኝ የምሰማው። ድምፅሽ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ይሞቀኛል። ቤት ስገባ ይበርደኛል። እወድሻለሁ ኔሊዳ። ከባርኔጣዋም በፊት እወድሽ ነበር። ይኸው በአፌ።»

ኔሊዳ ባርኔጣዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ዘርግታ ያዘችለት።

«በል አሁን ደግሞ በእናንተ ወግ።»

ኢላሪዮ ቀና ብሎ ማማውን አየ። እናቷ እዚያ ናት። ከዚያ ባርኔጣዋን ተቀበላት።

«ባርኔጣሽ እኔ ጋ ናት» አለ።

«አንተ ጋ ትቀመጥ» አለች፤ እናቷ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ እህቴን ለማየት ፈራሁ።

ግራሲዬላ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር። ወርዳ ከኋላ ወንበር ተቀመጠችና ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ደፋችው። እኔም ጉልበቴ ዛለና ድንጋዮቼን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ከጎኗ ተሳፈርኩ። ወይዘሮ ቤርታ ምሳው እንደማይቀር፣ የመጣችው ለመብላትም እንደሆነ ተናገረችና የልጇን እጅ ይዛ በመስኮቱ ታይ ጀመር። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ባርኔጣይቱ ቦታዋ ላይ ተሰቅላ ትወዛወዛለች። ኔሊዳ እንደ ወጉ ቆማ ለጎብኚዎቹ ታወራለች፤ የምትለው ግን ምንም አይያያዝም።

«ውሃ ሽቅብ አይፈስም» አለችኝ ግራሲዬላ፣ ለእኔ ብቻ። «ልጄን ተራራ ላይ አልሰድም። ባሌ ሞተ፣ እሷ ብቻ ናት ያለችኝ። እዚያ ወስዶ ይቀብራታል።»

ያን ጊዜ ነው እህቴን ያወቅኳት። ስንት ዓመት ኩራት ነው ስል የኖርኩት ነገር ከሥሩ ፍርሃት ነበር። እጇን ያዝኩ።

ከተማው መግቢያ ላይ፣ ከድልድዩ ሳንደርስ፣ መንገዱ ተዘጋ። መኪና ሁሉ ቆሟል፣ ጡሩንባ ይነፋል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ሰዎች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ጭነው ወደ ደረቁ ወንዝ ይሮጣሉ። ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ውሃው መጥቷል።

ሁላችንም ወረድን። አሸዋው ላይ ቆመን ጠበቅነው። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የራሰ አፈር ሽታ። ከዚያ ራሱ ብቅ አለ፤ ቡኒ፣ አረፋ ያለው፣ ቅጠልና እንጨት እየገፋ፣ አገር እንደ ናፈቀው ሽማግሌ ቀስ እያለ። ትንንሾቹ ጫማቸውን አውልቀው ወደ እሱ ሄዱ። አባታችን በልጅነታችን ወደዚሁ ቦታ ያመጣን ነበር። እጁን ነክሮ ግንባራችንን ያርሰን ነበር። ግራሲዬላም ያን ሳታስታውስ አልቀረችም፤ ጎንበስ ብላ እጇን ነከረች።

ኢላሪዮ ከእሷ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። ውሃ በእፍኙ ዘግኖ በተራራው ቋንቋ አንድ ነገር አለና መልሶ አፈሰሰው። ግራሲዬላ ሰማችው።

«ምን አልክ?» አለችው። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችው ያኔ ነው።

«ውሃዋን እንኳን ደህና መጣሽ አልኳት እማማ። የምትነሳው ከመንደራችን በላይ ነው። እናቴ ትናንት ሳታያት አልቀረችም።»

ግራሲዬላ ውሃውን አየች። እግሯን እየነካ ወደ ወይኗ በኩል ያልፋል።

«እናትህ ወደዚህ ስትልክህ አለቀሰች?»

«አላየሁም። ፊቷን አዙራ ነበር።»

እህቴ ከንፈሯን ነከሰች። ኔሊዳ ከኋላዬ ቆማ እጄን አጥብቃ ይዛለች፤ ጥፍሯ ይሰማኛል።

«ልጄን ወደዚያ ትወስዳታለህ?»

«ቤቴ እዚሁ ነው እማማ» አለ ኢላሪዮ። «ጣሪያው ብቻ ነው የቀረው። ቤቱን ገና አልሸጥኩትም።»

ግራሲዬላ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ቀና አለች።

«እንግዲያው እናትህን ጥራት» አለችው። «ግን ስማ። በእኔ ቤት በባርኔጣ አይጠየቅም። መጥታችሁ በር ታንኳኳላችሁ። ሻርፑም አልቆ ይምጣ።»

ስለ ሻርፑ ማማው ላይ ስጮህ የሰማችው መሆኑ ነው። ኢላሪዮ እሺ ለማለት አንገቱን ደፋ። ኔሊዳ ወደ እናቷ ሄደችና ፊት ለፊቷ ቆመች። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ የልጅቷ ባርኔጣ መኪና ውስጥ ተሰቅላለች፣ ራሷ ባዶ ነው።

«ታቃጥልሻለች» አለች ግራሲዬላ።

ያን ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ከራሷ ላይ አንስታ ልጇ ራስ ላይ ደፋችው፤ ገመዱንም ከአገጯ ሥር ራሷ አሰረችላት። ኔሊዳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ወይዘሮ ቤርታ መሐረብ ፈልጋ አጣችና በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች፤ ሬናቶ የራሱን መሐረብ ሰጣት።

ልጅ ከነበርን ወዲህ እህቴን ባዶ ራሷን ፀሐይ ላይ ስትቆም አይቻት አላውቅም። ከጎኔ መጥታ ክንዴን ያዘች፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ጥላ እንድንፈልግ ነገርኳት። ትንሽ እንቆይ አለችኝ፤ ውሃው በድልድዩ ሥር እስኪያልፍ አብረን ቆምን።